ሪቱክሲማብን ማቆም የሚፈትን ጥናት ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ማለዳ_38 ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን ብቻዬን መወሰን ስላቃተኝ ጻፍኩ።

ጂፒኤ የሚባለው የትናንሽ ደም ሥሮች ብግነት ከያዘኝ አራት ዓመት ሆነኝ። ሲጀምረኝ ሳይነስ ነው ተባልኩ። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬን ሳጸዳ ደም የለበሰ ቅርፊት ይወጣል፤ ጣቴን የሚያህል። ቀጥሎ አንዱ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፣ በመጨረሻ ሽንቴ ጠቆር ያለ ቀይ ሆነ። ከኩላሊቴ ናሙና ተወስዶና ፒአር3 አንካ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በደም ምርመራ ተገኝቶ ነው ስሙን ያወቅነው። በከፍተኛ ስቴሮይድና በሪቱክሲማብ በሽታው ረገበልኝ። አሁን በየስድስት ወሩ 500 ሚሊግራም ሪቱክሲማብ እወስዳለሁ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሜ አንድ ጥናት እንዳለ ነገረኝ። ለሁለት ዓመት በሽታቸው የረገበላቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። ግማሹ ሪቱክሲማቡን ይቀጥላል፤ ግማሹ የሚወስደው ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ነው። የትኛው እንደደረሰኝ እኔም አላውቅ፣ ሐኪሜም አያውቅ። 14 ገጽ ቅጽ ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ዕጣ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ልቤ ይመታል። ያ ቀይ ሽንት ተመልሶ እንዳይመጣ እፈራለሁ። የሙከራ አይጥ ልሆን ነው? በዚህ ያለፈ ሰው አለ?

———

ቀጭን_መንገድ ጻፈ፦

እህቴ፣ በደንብ አስቢበት። እኔ ታማሚ አይደለሁም፤ ሉፐስ ያለባት ታላቅ እህቴ ነች። የአዲስ መድኃኒት ጥናት ውስጥ ገብታ ነበር። በየወሩ ሄደች፣ ደሟን ሰጠች፣ መጠይቁን ሞላች። በአሥራ አንደኛው ወር ስልክ ተደወለ፤ «ጥናቱ ቆሟል፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አይምጡ» ተባለች። ለምን ቆመ? መድኃኒቱን ነበር የወሰደችው ወይስ ባዶውን? እስከ ዛሬ አልነገሯትም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ። «ይላክልዎታል» አሉኝ፤ ምንም አልተላከም።

ጥናት ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ግን ሰው ገላውን ሰጥቶ መልሱ ሲነፈገው እኔን ያንገበግበኛል። ደግሞ ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት ሁሉ አይሠራም። ኢታነርሴፕትን ለመገጣጠሚያ ሕመም ስንቱ ተጠቅሞ ድኗል። ያንቺው በሽታ ላይ ሲሞከር ግን አልረዳም። 180 ሰዎች ነበሩ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ውስጥ 6ቱን የካንሰር እብጠት ያዛቸው፣ ካልወሰዱት ግን አንድም ሰው አልተያዘም። ውጤቱ የታተመው በ2005 ነው።

———

የድሮ_ታማሚ ጻፈ፦

ልጄ ማለዳ፣ እኔ በዚህ በሽታ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት አስቆጥሬያለሁ። አንቺ የምትወስጂው መድኃኒት እኔ ስታመም ለዚህ በሽታ አልደረሰም ነበር። ትንሽ ታሪክ ልንገርሽ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1958 ዋልተን የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም የ56 ታማሚዎችን ታሪክ ሰብስቦ አሳተመ። ያኔ የረባ ሕክምና ስላልነበረ በሽታው ከታወቀ በኋላ የሚኖሩት በአማካይ አምስት ወር ነበር። ከመቶ 82ቱ ዓመት አልሞላቸውም። ስቴሮይድ መጣ፤ ጥቂት ወራት ጨመረ እንጂ አላዳነም። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ የጤና ተቋማት የነበሩት አንቶኒ ፋውቺና ባልደረቦቻቸው ሳይክሎፎስፋሚድ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከፕሬድኒሶን ጋር መስጠት ጀመሩ። በ1983 ያሳተሙት ስለ 85 ታማሚዎች ነው፤ ከመቶ 93ቱ በሽታቸው ሙሉ በሙሉ ረገበ። ለሞት ተቀምጦ የነበረ ሰው ተነሣ ማለት ነው።

እኔም ያንን ክኒን በየቀኑ ሁለት ዓመት ዋጥኩ። በሽታው ጸጥ አለ። አንድ ሌሊት ግን ለሽንት ተነሥቼ መብራቱን ሳበራ የመጸዳጃው ውኃ ቀይ ነው። ኩላሊቴ ተመልሶ ታመመ ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለካ መድኃኒቱ ፊኛዬን አቁስሎት ኖሯል። የኔ ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ በ1992 የታተመው የ158 ሰዎች ክትትል ከመቶ 43ቱ እንዲህ ያለ የፊኛ ቁስለት እንደደረሰባቸው ይናገራል። የፊኛ ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ፣ መውለድ ያቃታቸው ሴቶችም ብዙ ነበሩ። እኔ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ፊኛዬን በካሜራ እታያለሁ።

ታዲያ ያን ክኒን ዓመታት መዋጥ የቀረው እንዴት መሰለሽ? 155 ሰዎች በአንድ ጥናት ገቡ። በሽታው በሦስት ወይም በስድስት ወር ሲረገብ በዕጣ ግማሾቹ ወደ ቀለል ያለው አዛታዮፕሪን ተዛወሩ፣ ግማሾቹ ሳይክሎፎስፋሚዱን ቀጠሉ። በአንድ ዓመት ተኩል ያገረሸባቸው ከመቶ 15.5 እና 13.7 ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ውጤቱ በ2003 ሲታተም ሐኪሜ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ከአሁን በኋላ ይህን መርዝ ለዓመታት ለማንም አልሰጥም» አለኝ። እነዚያን 155 ሰዎች በስም አላውቃቸውም፤ ግን አስባቸዋለሁ።

ግቢ አልልሽም። አይጥ ነኝ ብለሽ ግን አትፍሪ። አይጥ ፊርማ አይጠየቅም።

———

የጥናት_ነርስ ጻፈች፦

ማለዳዬ፣ ሥራዬ ይኸው ነው፤ የምከታተለው ጥናት ግን ያንቺ አይደለም፣ ስለዚህ በነጻነት ልናገር።

ዕጣው የሚያስፈራሽ ሐኪሙ ለአንቺ የሚሻለውን እያወቀ ለዕድል የሚተውሽ ስለመሰለሽ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ጥናቱ ራሱ አይፈቀድም። ዕጣ የሚጣለው የሚሻለው የትኛው እንደሆነ በእውነት ባልታወቀበት ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪምሽን ፊት ለፊት «ጥናቱ ባይኖር ለኔ ምን ትመርጥልኛለህ?» በይው። ሳያመነታ «በእርግጥ መቀጠል አለብሽ» ካለሽ አትግቢ። «ሁለቱንም እያመዛዘንኩ ነው» ካለሽ ግን ያለ ጥናቱም ውሳኔሽ በግምት ላይ የቆመ ነው።

ጨው ያለበት ውሃ የደረሰው ሰው ተጥሎ አይቀርም። ቀጠሮውም ምርመራውም ሌላው ከሚያገኘው አይለይም። በሽታው ካገረሸ ምን እንደሚደረግ በቅጹ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ እሱን ገጽ ፈልጊ። ድንገተኛ ነገር ከተፈጠረ ምን እንደወሰድሽ በዚያው ሰዓት የሚከፈትበት መንገድ መኖር አለበት፤ ሌሊትም ቢሆን ማን ስልክ እንደሚያነሣ ጠይቂ። ከጥናቱ ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ያሉበት የደኅንነት ኮሚቴ መረጃውን በየጊዜው ያያል፣ አንዱ ወገን እየተጎዳ ከመሰለው ያስቆማል። ደግሞ በፈለግሽ ቀን ያለ ምክንያት መውጣት ትችያለሽ፤ ሕክምናሽ በዚያ አይቀየርም። ይህንን ስንናገር ብዙ ሰው ለወግ ያህል የምንለው ይመስለዋል። አይደለም። ባለፈው ወር አንድ አባት «ደከመኝ» ብለው ወጡ፤ ምክንያታቸውን አልጠየቅናቸውም።

ቀጭን_መንገድ፣ በእህትህ ላይ የተደረገው ስህተት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ጥናት ሲቆምም ሆነ ሲያልቅ ለተሳታፊው ውጤቱን መንገር የኛ ግዴታ ነው። በሥራዬ በጣም የማፍርበት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

———

ዶክተር_ኔፍሮ ጻፈ፦

የኩላሊት ሐኪም ነኝ። ማለዳ፣ አንቺን ሳልመረምር ግቢ ወይም አትግቢ ልልሽ አልችልም። ግን የጥናቱ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ላስረዳሽ።

ሪቱክሲማብ በበሽታው መጀመሪያ ላይ ከሳይክሎፎስፋሚድ እንደማያንስ ያሳየው ሬቭ የተባለው ጥናት ነው፤ 197 ሰዎች፣ 2010። በስድስት ወር ስቴሮይድ አቁመው በሽታቸው የረገበላቸው ሪቱክሲማብ ከወሰዱት ከመቶ 64፣ ሳይክሎፎስፋሚድ ከወሰዱት ከመቶ 53 ነበሩ። አስቀድሞ አገርሽቶባቸው የነበሩት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ፤ 67 ለ42። አንቺ የምትወስጂው በየስድስት ወሩ 500 ሚሊግራም የተፈተነው ፈረንሳይ ውስጥ በ115 ሰዎች ነው። በ28 ወር ውስጥ ከባድ ማገርሸት የደረሰባቸው አዛታዮፕሪን ከወሰዱት ከመቶ 29 ሲሆኑ ሪቱክሲማብ ከወሰዱት ግን 5 ብቻ ነበሩ። ይህ በ2014 ወጣ፤ የብዙዎቻችንን አሠራር ለወጠ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እስከ መቼ የሚለው ነው። እነዚያው የፈረንሳይ ሐኪሞች ሁለት ዓመት ገደማ በመድኃኒት ረግበው የቆዩ 97 ሰዎችን ወስደው ልክ አንቺ እንደተጠየቅሽው ግማሹን በሪቱክሲማብ አስቀጠሉ፣ ግማሹን በፕላሲቦ፣ ማለትም በባዶው። ውጤቱ በ2020 ታተመ። በ28 ወር ሳያገረሽባቸው የቆዩት ከቀጠሉት ከመቶ 96፣ ካቆሙት ከመቶ 74 ናቸው። እንግዲህ ይህን ቁጥር ሁለት ሰው ለሁለት ያነበዋል። አንዱ «መቀጠል ይሻላል፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «ካቆሙት ከአራት ሦስቱ ገደማ ምንም ሳይሆኑ ቆዩ፤ ታዲያ እነዚያን ሁሉ ሰዎች ለምን በየስድስት ወሩ እናክማቸዋለን?» ይላል። እኔ የሁለተኛው ሰው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ምክንያቱም ሪቱክሲማብ ቢ ሴሎች የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ሲያጠፋ ከዓመታት በኋላ ፀረ እንግዳ አካላትን እያመናመነ ይሄዳል። ክትባት በደንብ አይይዝም፣ የሳንባ ምች ይደጋገማል። የማይገረሽባቸውን አስቀድሞ መለየት የሚችል ምርመራ ቢኖረን ኖሮ ይህ ሁሉ ዕጣ አያስፈልግም ነበር።

ባንቺ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ፒአር3 አንካ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ያገረሽባቸዋል። ይህን ሐኪምሽ እንዲያብራራልሽ ጠይቂ። ደግሞ ንገሪኝ፤ አይጂጂ የሚባለው የፀረ እንግዳ አካል መጠንሽ ተለክቷል? ባለፈው ዓመት ኢንፌክሽን ይዞሽ ነበር?

ቀጭን_መንገድ ለጠቀስከው የኢታነርሴፕት ጥናት ደግሞ፦ ቁጥሮችህ ትክክል ናቸው። ካንሰር የያዛቸው ስድስቱም ሳይክሎፎስፋሚድም ወስደው ነበር። ያ ጥናት ባይሠራ ኖሮ ግን ዛሬ ኢታነርሴፕትን «በመገጣጠሚያ ላይ ሠርቷል» ብለን ለሁሉም እንሰጥ ነበር። የከሸፈ መድኃኒትና የከሸፈ ጥናት አንድ አይደሉም።

———

የአባቱ_ልጅ ጻፈ፦

ከርዕሱ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ። አባቴ 71 ዓመቱ ነው፤ የትልልቅ ደም ሥሮቹ ናቸው የተቆጡት፣ ጃያንት ሴል የሚባለው። ጸጉሩን ሲያበጥር ራስ ቅሉ ያመው ነበር፤ ሲያኝክ መንጋጋው ይዝልና መሐል ላይ ያቆማል። እርጅና ነው ብለን ዝም አልን። አንድ ጠዋት በግራ ዓይኑ ማየት አቆመ፤ አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው ወላጆቻችሁ እንዲህ ካሉ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ እንድትወስዷቸው ነው።

አሁን ቶሲሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ላይ ነው። ሐኪሙ 251 ሰዎች የገቡበትን ጥናት አሳየን። በዓመቱ ስቴሮይድ አቁመው ረግበው የቆዩት መድኃኒቱን በየሳምንቱ ከወሰዱት ከመቶ 56 ሲሆኑ፣ በስድስት ወር ስቴሮይድ ብቻ ከታከሙት 14 ናቸው። አባቴ በስቴሮይድ ስኳሩ ከፍ ብሎ አጥንቱም ሳስቶ ስለነበር ያቺ ቁጥር ለኛ ትልቅ ነገር ናት። ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ፦ ከጀመረ ወዲህ ሲአርፒው፣ ያ በደም ውስጥ ብግነትን የሚለካው ቁጥር፣ ሁሌ ዜሮ ነው። ደስ ሊለን ይገባል?

———

ዶክተር_ኔፍሮ ጻፈ፦

የአባቱ_ልጅ፣ ቶሲሊዙማብ ሲአርፒን ራሱ ያፍናል። በሽታው እየነደደም ቁጥሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ አትመኑ፤ ራስ ምታት፣ የመንጋጋ ዝለት፣ የዓይን መደብዘዝ ከተሰማው ቁጥሩ ምንም ይሁን ወዲያው ሂዱ። በተረፈችው ዓይን ላይ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ።

———

ማለዳ_38 ጻፈች፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ የድሮ_ታማሚ፣ ስለዚያ ሌሊት የጻፉትን አንብቤ እኔም አለቀስኩ።

ዶክተር፣ አይጂጂዬ ተለክቷል። ሪቱክሲማብ ከመጀመሬ በፊት 11 ነበር፤ ባለፈው ወር 5.2 ግራም በሊትር። የሳንባ ምች ባንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ያዘኝ፤ ሁለተኛው ሆስፒታል አስተኝቶኛል። እስካሁን የማገርሸት ፍርሃት ብቻ ነበር የያዘኝ። የምወስደው መድኃኒትም የሚያስከፍለኝ ነገር እንዳለ ልብ ያልኩት እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው።

———

ዶክተር_ኔፍሮ ጻፈ፦

5.2 ዝቅተኛ ነው። ሁለት ጊዜ ምች ይዞሽ ከሆነ «መቀጠል ያለ ጉዳት ነው» ማለት ላንቺ አይሠራም። ይህ ግን ለጥናቱ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ በዚህ መጠን ላይ ሆነሽ ሪቱክሲማቡ የሚደርሰው ወገን ብትሆኚ ምን ያደርጉልሻል? አይጂጂው ከስንት ሲወርድ ነው መድኃኒቱን የሚያቆሙት? ቅጹ ላይ ከሌለ ጠይቂያቸው። እንዲያውም ለጥናቱ ብቁ መሆንሽን ራሱ ያጣሩ።

———

ቀጭን_መንገድ ጻፈ፦

ዶክተር፣ ስለ ከሸፈ መድኃኒትና ስለ ከሸፈ ጥናት ያልከውን እቀበላለሁ። ግን ልንገርህ፤ እህቴ የተጎዳችው መድኃኒቱ ስለከሸፈ አይደለም። ከሸፈ ብለው ቢነግሯት «እሺ፣ ለሌላው ይጠቅማል» ትል ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ናት። ዝም ስላሏት ነው የከፋት። ዛሬ ሌላ ጥናት ቢመጣ አትገባም፣ እኔም ግቢ አልላትም። በዚህ ዝምታ ስንት ሰው እንደምታጡ አስቡት።

———

ዶክተር_ኔፍሮ ጻፈ፦

ልክ ነህ። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ኪሳራ ከሌላው ይከብዳል፤ በሽታው ብርቅ ነው፣ ታማሚው ጥቂት ነው። ፔክሲቫስ የተባለውን ጥናት ብቻ ውሰድ። ፕላዝማ መቀየር ኩላሊትን ያድናል ብለን ለዓመታት ስንሠራበት ኖረናል፤ ያንን በትክክል ለመፈተን 704 ሰዎች አስፈለጉ፣ እነሱን ለማግኘት 16 አገሮች ተባበሩ። ውጤቱ በ2020 ሲወጣ ሞትና የመጨረሻ ደረጃ የኩላሊት ድካም ፕላዝማቸው ከተቀየረላቸው ከመቶ 28.4፣ ካልተቀየረላቸው ከመቶ 31 ላይ ደረሰ። ያ ልዩነት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በዚያው ጥናት የስቴሮይዱ መጠን በብዙ ሲቀነስ ሕይወትንም ኩላሊትንም በመጠበቅ ከሙሉው መጠን እንዳላነሰ ታየ፤ ከባድ ኢንፌክሽን ደግሞ ቀነሰ። እኔ ዛሬ አዲስ ታማሚ ሲመጣልኝ ያንን የተቀነሰውን መጠን ነው የምጽፈው። እያንዳንዱ ተሳታፊ እንዲህ ይቆጠራል፤ እህትህም ትቆጠር ነበር።

———

ጥያቄ_አብዢ ጻፈች፦

አቫኮፓን የሚባለው መድኃኒት እያለ ለምን ስለ ስቴሮይድና ሪቱክሲማብ ብቻ ይወራል? ስቴሮይድን ሙሉ በሙሉ ይተካል ሲባል ሰምቻለሁ።

———

ዶክተር_ኔፍሮ ጻፈ፦

አቫኮፓን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ስቴሮይድን በብዙ ይቀንሳል። በ2021 የታተመው ጥናት 331 ሰዎች ነበሩበት፤ በዓመቱ ረግበው የቆዩት ከመቶ 65.7 ሲሆኑ በፕሬድኒሶን ወገን 54.9 ናቸው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ በዚያ ጥናት በሪቱክሲማብ የጀመሩት ሰዎች ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሽታው እንዳይመለስ የሚሰጠው ማቆያ ሪቱክሲማብ አልተሰጣቸውም። እኛ ዛሬ የምንሰጠውን ሕክምና የሚያገኝ ሰው ላይ ልዩነቱ ያንኑ ያህል ይሆናል ማለት አይቻልም። የማለዳ ጥያቄ ደግሞ ከረገበ በኋላ ያለው ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙም አያግዛትም።

———

ማለዳ_38 ጻፈች፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ነርሷ ያለችኝን ነው፤ «ጥናቱ ባይኖር ምን ትመርጥልኛለህ?» ሐኪሜ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ትንሽ ዝም አለ። «በፒአር3ሽ ምክንያት መቀጠል እፈልጋለሁ፣ በሳንባ ምችሽ ምክንያት ማቆም እፈልጋለሁ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም» አለኝ። ከሐኪም አፍ «አላውቅም» ሰምቼ እንዲህ የቀለለኝ ጊዜ የለም።

አይጂጂ ከ4 ከወረደ መድኃኒቱን ያቆማሉ፤ ይህ ገጽ 8 ላይ አለ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም ነበር። ሽንቴን በየሳምንቱ በቤቴ የምፈትሽበት ወረቀት ሰጡኝ። ደም ካሳየ የምደውልበት ቁጥር አለ፤ የዚያኑ ቀን ማታ ደውዬ ፈተንኩት፣ ሰው አነሣው።

ቀጭን_መንገድ፣ ያንተን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጠየቅሁ። ውጤቱን ትነግሩኛላችሁ ወይ፣ የትኛው እንደደረሰኝስ? ቅጹ ላይ «ውጤቱ ሊገለጽ ይችላል» ይላል። «ሊገለጽ ይችላል» አልበቃኝም አልኳቸው።

———

የጥናት_ነርስ ጻፈች፦

በርቺ! ቅጹን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያጸደቀው ስለሆነ በእጅ ሊያስተካክሉልሽ አይችሉም። ለብቻው ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ።

———

ማለዳ_38 ጻፈች፦

እንዲያ ነው ያደረጉት። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ የዋናው ተመራማሪ ፊርማ አለበት። ጥናቱ ሲያልቅም ሆነ ሳያልቅ ቢቆም የትኛው ወገን እንደነበርኩና ምን እንደተገኘ ሁሉም ሰው በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ ይደርሰኛል ይላል። ከዚያ በኋላ ፈረምኩ። ለሌሎቹ ተሳታፊዎችም እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዲሰጥ ጠይቄያለሁ፤ ለኮሚቴው እናቀርባለን ብለውኛል።

ትናንት የመጀመሪያውን ወሰድኩ። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ መድኃኒቱም ቢሆን ያው ጥርት ያለ ስለሆነ አይለይም። አራት ሰዓት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አየሁት።

———

ቀጭን_መንገድ ጻፈ፦

ደብዳቤውን ፎቶ አንሥተሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ስምሽንና የሆስፒታሉን ስም ሸፍነሽ ቃሉን ብቻ እዚህ ብትለጥፊው ደስ ይለኛል። ለእህቴ ላሳያት፤ ይዘነው ሄደን አንድ ጊዜ እንደገና እንጠይቃቸዋለን።

———

ማለዳ_38 ጻፈች፦

ዛሬ ማታ እለጥፈዋለሁ። ለእህትህ ሰላም በልልኝ።